ሱሪህን እመን

በዚያ ቤት ዳቦና ቅቤ ከተለያዩ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ተጣልተው አይደለም፤ ባልየው ነው ያፋታቸው። ጠዋት ዳቦው ብቻውን፣ ደረቁን፣ ከሻይ ጋር ይቀርባል። ማታ ቅቤው ከእንቁላል ጋር መጥበሻ ላይ ይንጫጫል፤ ዳቦ ግን በአካባቢው ድርሽ አይልም። ሚስትየው መጀመሪያ ስቃ ነበር። ወንድ ልጅ ሃምሳን ሲጠጋ አንድ እብደት አያጣውም፤ ከሌላ ሴት ዳቦ ይሻላል ብላ ለጎረቤቷም አውርታለች።

ነገሩ የመጣው ከእሳት አደጋ ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ባልየው ረጅሙን መሰላል የሚወጣ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳት በተነሳ ቁጥር ሌላው ሽቅብ ሲያንጋጥጥ እሱ ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ ጣቢያው አዲስ የመሰላል መኪና ሲያስመጣ፣ በመሰላሉ ጫፍ ሰው የሚቆምበት የብረት ቀለበት አብሮ መጣ። ቀለበቱን የሠሩት ሰዎች የጎልማሳ ሆድ አይተው የሚያውቁ አይመስሉም። እናም ተለጠፈ፦ ከሦስት ወር በኋላ ወገብ ይለካል፤ ከመቶ ሁለት ሴንቲሜትር ያለፈ ሰው መሰላል አይወጣም፣ ስልክ ክፍል ይመደባል። ባልየው ያን ዕለት መቶ ሰባት ነበር። ይህን ከራሱ ይልቅ የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ የጣቢያውን ዩኒፎርም ሁሉ የምትሰፋውም እሷ ናት።

ሰውየው ማስታወቂያውን እንዳነበበ በቀጥታ የሄደው ሰፈር ወዳለው ጂም ነው። አሰልጣኙን ሰፈሩ «አንገቴ» ይለዋል፤ አንገት ስለሌለው ነው። ጭንቅላቱ መሃል መንገድ ሳያርፍ ትከሻው ላይ ተቀምጧል። አንገቴ ሆዱን ከፊትም ከጎንም አየለትና ራሱን ነቀነቀ፤ ማለትም ትከሻውን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ» አለው። «ዳቦ ብቻውን አያወፍርም። ቅቤም ብቻውን አያወፍርም። ጉዱ የሚመጣው አንድ ላይ ሲገቡ ነው። ካርቦሃይድሬት በር ከፋች ነው፣ ቅባት ደግሞ ሌባ ነው። በር የሚከፍትለት ከሌለ ሌባው በየት ይገባል?»

ባልየው እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ሰምቶ አያውቅም። «በየስንት ጊዜ ልመዘን?» ብሎ ጠየቀ።

«እንዳይመዘኑ! ሚዛን ጡንቻና ስብ አይለይም። ሜትርም ይቅርብዎ። ሜትር ያስጨንቃል፣ ጭንቀት ደግሞ ያወፍራል። ሱሪዎን ይመኑ። ሱሪ አይዋሽም።»

ይህን ምክር የሰጠው የልብስ ሰፊ ባል ለሆነ ሰው ነው። አንገቴ ምን ያውቃል?

ቤቱ በማግስቱ ለሁለት ተከፈለ። ባልየው የሚስቱን የልብስ ጠመኔ አንስቶ የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን መሃል ላይ አሰመረ። ከመስመሩ በላይ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ፤ ከመስመሩ በታች ቅቤ፣ ዘይት፣ አይብ፣ እንቁላል። ለየወገኑ ማንኪያ ተመደበ። ዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ እንኳ ሁለት ሆነ። አንድ ቀን ሚስትየው ድንች የቀቀለችበትን ድስት ሳታስበው በቅባቱ ስፖንጅ ብታጥበው፣ ድስቱ ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ ካልታጠበ ብሎ አስቸገረ።

«ቆይ፣ ሆድህ ውስጥ ግድግዳ አሠርተሃል?» አለችው። «የጠዋቱና የማታው እዚያ መገናኘታቸው ይቀራል?»

«ስድስት ሰዓት ከተለያዩ አይተዋወቁም» አላት፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

ጎረቤት አንድ ቀን ኬክ ቆርሳ ላከች። ባልየው ክሬሙን በቢላ ጀርባ ጠርጎ በሻይ ስኒ አስቀመጠ። ቂጣ የመሰለውን ኬክ ጠዋት በላ፤ ክሬሙን ማታ በማንኪያ በላ። ሲጨርስ ስኒውን እያየ «ሰው ራሱን ከገዛ ምን ይሳነዋል» አለ። በአንድ ቀን የተላከለትን ኬክ በሙሉ መብላቱን ግን ያሰላለት የለም።

ልጃቸው ይህን ሁሉ እያየ ይስቃል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፣ ጣቢያውም ሰፈሩም «ሽቦ» ይሉታል። ከሥራ ሲመጣ አንድ ሙሉ ዳቦ ለሁለት ይሰነጥቅና ቅቤ ይቀባል፤ አይብ ይደርባል፣ የተጠበሰ ድንች ይጎሰጉሳል፣ እንቁላል ይጨምራል፣ ዘይት ያፈስበታል። አባቱ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። የሽቦ ወገብ ሰባ አራት ነው። የሚበላው ነገር የት እንደሚገባ እናቱ ስታስበው ትገረማለች፤ ሱሪ በሰፋችለት ቁጥር የሚተርፈው ጨርቅ ለሌላ ሰው ኪስ ይሆናል።

ሽቦም የጣቢያው ሠራተኛ ነው። ሥራው ግን መሬት ላይ ነው፤ ቱቦ ይይዛል፣ ውሃ ይከፍታል። እናቱ «መሬት ላይ» የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። በዚያ ቤት ደግሞ መጠየቅም መናገርም አይቻልም። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ባሏ ስለተደረመሰ ደረጃ አጫውቷት አንድ ሳምንት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣች፦ «ጫማህንና የጣቢያውን ወሬ በር ላይ አውልቅ።» ባሏ አወለቀ። ልጁም ሥራ ሲጀምር አወለቀ። ስለዚህ በማዕዱ ዙሪያ የሚወራው ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናብና ስለ ጉንፋን ነው፤ አሁን ደግሞ ስለ ዳቦና ቅቤ።

ወሬው ቢቀርም ፍርሃቱ አልቀረም። ጣቢያው ከቤታቸው ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። ሳይረኑ ሲጮህ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ያለው እግሯ ይቆማል። መኪኖቹ ተመልሰው ወደ ግቢ ሲገቡ የሚያሰሙትን የፍሬን ድምፅ እስክትሰማ አንድ ስፌት አትሰፋም። ደንበኞቿ ሥራዋ ለምን እንደሚዘገይ አያውቁም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰነፍ ናት፣ ግን እጇ ጥሩ ነው» ሲሏት ኖረዋል። ታዲያ ያን ማስታወቂያ የሰማች ዕለት ልቧ እንዴት ደስ እንዳለው ለማንም አልተናገረችም። ስልክ ክፍል! ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የሞቀ ሻይ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍታ። የባሏ ቀሪ ዕድሜ እዚያ ቢያልፍ ለእሷ ከዚህ የበለጠ ጸሎት የላትም። መቶ ሰባት የሆነ ሰው ደግሞ መቶ ሁለት አይሆንም፤ ዳቦና ቅቤ መለየት እንዲያው የሞኝ ጨዋታ ነው ብላ ተዝናንታ ተቀመጠች።

በአምስተኛው ሳምንት ባሏ ከመታጠቢያ ቤት በካናቴራ ሲወጣ አየችው፣ እጇ ላይ ያለው መቀስ ቆመ።

የልብስ ሰፊ ዓይን ሜትር አያሻውም። መቶ አምስት ሆኗል። ምናልባትም ትንሽ ያንሳል። ዳቦና ቅቤ መለየቱ ምን እንደሠራ እግዜር ይወቀው፤ እሷ የምታውቀው ሰውየው ደረቅ ዳቦ ስለሚሰለቸው አንድ ቆርሶ እንደሚተወው፣ ማታም እንቁላል ያለ ዳቦ ስለማይጥመው ከሁለት እንደማያልፍ ነው። ያም ሆነ ይህ እየቀነሰ ነው። በዚሁ ከቀጠለ በልኬቱ ቀን መቶ ሁለት ይገባል። ከዚያ ሌላ አሥር ዓመት መሰላል፣ ሌላ አሥር ዓመት የቆመ ፔዳል። ያን ዕለት ሴትየዋ አልቅሳለች፤ ለምን እንደምታለቅስ ጎረቤቷ ብትጠይቃት ሽንኩርት ነው አለች፣ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሳይኖር።

እንግዲህ ጥፋቷን የሠራችው በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ባሏ ጂም በሄደበት ነው። የዩኒፎርሙ ሱሪ በትከሻ ማንጠልጠያ የሚያዝ ስለሆነ ቀበቶ የለውም፤ ወሬ የሚያወጣ የቀበቶ ቀዳዳም የለም። ከኋላ፣ መሃሉ ላይ፣ ጥሩ ሰፊ ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ውስጥ ያጠፈችው ትርፍ ጨርቅ አለ። ስፌቱን በምላጭ ፈታች፣ አንድ ሴንቲሜትር ለቀቀችና መልሳ ሰፋችው። ከውስጥ የወጣው ጨርቅ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ከሌላው ይጠቁራል፤ በረኪና በውሃ አቅጥና በጨርቅ ጫፍ ቀስ እያለች አደበዘዘችው። ሁለቱንም የሥራ ሱሪ፣ የቤት ሱሪውንም እንዲሁ። በሁለት ሳምንቱ ሌላ አንድ። ከዚያ ሌላ አንድ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

«ነይ! ነይ እስቲ እይልኝ!» እያለ አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ጮኸ። ቡጢውን በሱሪውና በሆዱ መሃል ሰክቶ ቆሟል። «ቡጢዬ ገባ! ሙሉ ቡጢ! ይህ ስንት ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለችው፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

«ስድስት ሴንቲሜትር አይሆንም? ከመቶ ሰባት ስድስት ሲነሳ…» ጣቱን ቆጠረ። «መቶ አንድ ነኝ! አልፌያለሁ በይኛ!»

«ጎሽ» አለችው።

«ልለካህ ግን እንዳትይኝ። እስከ ቀኑ ድረስ ሜትር አይነካኝም፣ አንገቴ ብሎኛል።»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለች፤ ይህ ቢያንስ ከልቧ ነበር።

ያለፈ ሰው ትንሽ ይዝናናል። ባልየው ለራሱ በሳምንት አንድ ቀን ፈቀደ፤ አርብን «የዕርቅ ቀን» አለው። በዕርቅ ቀን ዳቦና ቅቤ ይገናኛሉ፣ ድንች በዘይት ይጠበሳል። ዕርቁ ደስ ስላለው ወደ ቅዳሜ ተሻገረ። ከዚያ እሑድ መሃል ላይ ብቻውን ለምን ይቀራል ተባለ። ሱሪው አሁንም ሰፊ ነው፤ እንዲያውም ይሰፋል። ጣቢያ ውስጥ እየዞረ ለጓደኞቹ «ሚዛን ተው፣ ሱሪህን እመን» እያለ ሰበከ። አራት ሰው ዳቦውን ደረቁን መብላት ጀመረ።

አንድ ምሽት እራት ላይ እጇን ያዘና «አንቺ ባትታገሺኝ ይህ አይሆንልኝም ነበር» አላት። «ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ስፖንጅ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ… የኔ እመቤት።» ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ሳይረኑ ጮኸ፤ ባሏ ማንኪያውን ጥሎ ወጣ፤ እሷም አፏን ዘጋች።

ባሏ በሌለበት አንድ ቀን ልጇን ጠየቀችው። ሽቦ ያን አስፈሪ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ ይገምጣል።

«አባትህ ለመሰላሉ ይህን ያህል የሚሞተው ለምንድን ነው? ስልክ ክፍል ምን አለው? ሌላው ሰው ወረፋ ይጠብቅለታል።»

ሽቦ አኝኮ ዋጠ። ዓይኑ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «የጣቢያ ወሬ ነው እማዬ» አላት። «በር ላይ አውልቄዋለሁ።» ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

የልኬቱ ቀን ደረሰ። የጣቢያው አዛዥ ለአዲስ ዩኒፎርም ሰው ሁሉ መለካቱ ስለማይቀር «እትዬ፣ እግረ መንገድዎን ይህንንም እርስዎ ይለኩልን» ብሎ ቀድሞ ነግሯታል። አንድ ሠራተኛ ባሏን ስትለካ ታዳላለች ብሎ አጉረመረመ። ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና በሁሉም ፊት «ሜትር ዘመድ አያውቅም» አለች። አዛዡ ነገሩ ስለጣመው ሁለት ጊዜ ደገመው።

መኪኖቹ ወደ ግቢው ወጥተው፣ ባዶው ጋራዥ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው በካናቴራ ተሰለፈ። አዛዡ መዝገብ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። እሷ ትለካለች፣ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። ዘጠና ሦስት። ዘጠና ስምንት። ባሏ ጋ ስትደርስ ሰውየው እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ሲውጡ እሱ ሆዱን እንኳ አልሰበሰበም።

ሜትሩን አዞረች።

«መቶ አራት» አለች።

ባሏ ሳቀ። «ድገሚው» አላት። ደገመችው። አዛዡ ራሱ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ መቶ አራት። ባልየው ጓደኞቹን አየ፤ ቡጢውን ጨብጦ ከሱሪው ወገብ ከተተው፣ ገባለት። ቡጢውን አየ። ቀስ ብሎ አወጣው። ከዚያ ሚስቱን አያት።

እሷ መሬት መሬቱን እያየች በሆዷ አምላኳን አመሰገነች። ይቆጣ፣ ይኩረፍ፣ አንድ ወር አያናግረኝ፤ ስልክ ክፍል ተቀምጦ ይኩረፍ።

«አዝናለሁ ጋሼ» አለ አዛዡ። «እርስዎን ከዚያ ማውረድ ለእኔም ቀላል አይደለም። ግን መሰላሉ ያለ ሰው አያድርም።» መዝገቡን ገለጠ። «በደንቡ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው መሰላል አይወጣም። ለዚህ ነው ልጁን ዓመት ሙሉ መሬት ያቆየነው፤ ፈተናውን አንደኛ ነበር የወጣው። እንግዲህ አባት ከወረደ የሚከለክል የለም።» ቀና አለ። «ሽቦ!»

ሽቦ ከሰልፉ መጨረሻ ዘሎ ወጣ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሊደብቅ ሞክሮ፣ ለአባቱ ማዘን ይኖርበት እንደሆነ ግራ ገብቶት፣ በመጨረሻ ደስታው አሸነፈው። ጓደኞቹ ጀርባውን ደበደቡት። ባልየው ዓይኑን ጨፈነ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። ሰፊዋ ይህን አባባል ከልጅነቷ ስትሰማው ኖራለች፣ ትርጉሙን ግን ያን ዕለት ነው ያወቀችው፣ ሜትር ይዛ።

«ቆይ፣ ልድገመው» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም። «ሜትሩ ተጣጥፎ ነበር። ከኋላ ተጣጥፎ… መቶ አንድ ነው። መቶ አንድ ነበር።»

«እትዬ» አለ አዛዡ፣ ትከሻዋን በርኅራኄ እየነካ። «ሜትር ዘመድ አያውቅም ብለውን የለም?» ሠራተኞቹ በፍቅር ሳቁ። ለባሏ አዝና ነው ብለው አሰቡ። ከዚያ ልጇን አቀረቡላት። መቶ ሦስት ልትል አሰበች፤ ግን መቶ ሦስት ብትል ዕውር እንኳ ይስቃል።

«ሰባ አራት» አለች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ቀድሟታል። ወጥ ቤት፣ መስኮቱ ሥር፣ በውስጥ ቁምጣው ተቀምጧል። ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ተዘርግቷል። ከሰፊ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ስፌት መፍታት አያቅተውም፤ በምላጯ ፈቶታል። ጨርቁ ላይ ሦስት መስመር ይታያል፣ አንዱ ከሌላው በትንሹ የደበዘዘ።

«በረኪና ነው?» አላት።

«አዎ።»

«ስንት ለቀቅሽው?»

«ሦስት።»

«ሦስት» አለ፣ መስመሮቹን በጣቱ እየነካ። «ጥሩ ሥራ ነው። ምንም አያስታውቅም።»

ቢጮህ ይሻላት ነበር። ትይዩው ተቀመጠችና ያለ ሽንኩርት አለቀሰች። «ከላይ እንድትወርድልኝ ነው» አለችው። «ሃያ ሁለት ዓመት ያን ሳይረን ስሰማ… ደክሞኛል። ፈርቼ ፈርቼ ደክሞኛል። አንድ ቀን ወድቀህ ከሚያመጡልኝ ወፍረህ ብትወድቅ ይሻለኛል አልኩ።»

«እኔስ?» አላት። «ይህን ሁሉ ደረቅ ዳቦ ስቆረጥም የከረምኩት ለቁመናዬ ይመስልሻል? ጉልበቴን ያመኛል። መሰላል ካስጠላኝ አምስት ዓመት ሆኖኛል። እኔ እዚያ እስካለሁ እሱ አይወጣም፤ ይኸው ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም!»

«በር ላይ አውልቅ አልሽኝ» አላት። ለመወንጀል አይደለም፣ የሆነውን ነው የተናገረው። «አወለቅሁ።»

ጥፋቱን ለሁለት ቢከፍሉት እንኳ ድርሻዋ ይበዛል፤ እሷም አልተከራከረችም። በመጨረሻ ባሏ ተነሳ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን የጠመኔ መስመር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ሱሪውን ያለ ጀርባ ስፌት ለብሶ፣ ላዩ ላይ ኮት ደርቦ፣ በቀጥታ አንገቴ ዘንድ ሄደ።

«መቀነስ አይደለም» አለው። «ቀጭን ሰው ማወፈር ፈልጌ ነው። ሃያ ስምንት ሴንቲሜትር። ከዚያ አንድ ብትጨምርበት አልጠላም።»

አንገቴ ተደሰተ። «ይህማ ቀላል ነው ጋሼ! በር ከፋቹንና ሌባውን አንድ ላይ ይላኳቸው!»

በዚያ ቤት አሁን የሚለያይ ነገር የለም። ዳቦው በቅቤ ተነክሮ ይቀርባል። ሩዙ ዘይት ላይ ይዋኛል፣ ድንቹ ከአይብ በታች ጠፍቷል፣ ፓስታው ላይ እንቁላልና ክሬም ተደፍቷል። አባትየው ዱላ እንደያዘ ዘበኛ ማንኪያ ይዞ ልጁ አጠገብ ይቀመጥና ሰሃኑ ጎደል ባለ ቁጥር ይሞላል። እናትየው የወጥ ቤቱን ጨው ቀንሳለች፣ ጨው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ብሎ ሰው ነግሯታል። ሽቦ ምን እንደነካቸው አያውቅም፣ ግን አያማርርም። ያቀረቡለትን ይበላል፣ ሰሃኑን በዳቦ ይጠርጋል፣ ጣቱን ይልሳል።

አባት ስልክ ክፍል ገብቷል። ወንበር አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ ሻዩ የሞቀ ነው። ስልኩ ሲደወል አንስቶ አድራሻውን ይጽፋል፣ ከዚያ በጣቱ ደወሉን ይጫናል። ልጁን ወደ መሰላሉ የሚልከው ያ ጣት ነው። አንድ ቀን ደወሉን ለመጫን ዘግይቶ አዛዡ ተቆጥቶታል። ይህን ለሚስቱ ነግሯታል፤ በር ላይ ማውለቅ ቀርቷል፤ ወሬው ሁሉ አሁን ማዕድ ላይ ይቀርባል፣ እሷም ቁጭ ብላ ትሰማዋለች። ሳይረኑ ሲጮህ ግን ፔዳሉ እንደ ድሮው ይቆማል።

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይለኩታል። ሽቦ «ለአዲሱ ዩኒፎርም ነው?» ይላል፤ እሷም «አዎ፣ ለዩኒፎርም ነው» ትላለች። በሁለት ወር ውስጥ ስምንት እሑድ ለካችው። ሰባ አራት፣ ሰባ አራት፣ ሰባ አራት። ባለፈው እሑድ ሽቦ ሁለት ሰሃን ፓስታ ጨርሶ፣ ግማሽ ዳቦ በቅቤ ደግሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ ቆመላት። ሜትሩን አዞረች፤ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየች።

«ስንት ነው?» አለ አባት ከወንበሩ።

ጎንበስ ብላ ቁጥሩን እንደገና አነበበች።

«ድገሚው እስቲ።»

ደገመችው። ሜትሩ አልተጣጠፈም።

«ሰባ ሦስት» አለች። «መሰላሉ ነው። ሽቅብ ቁልቁል ሲል እየቀለጠ ነው።»

አባት ቅቤውን ወደ ልጁ ገፋ አደረገና ዳቦ መቁረጥ ጀመረ።